የጀሪካኑ አፈር

እማማ ድንቅነሽ ቤት የሚጣል ነገር አልነበረም። ለሊሴ ይሄ የገባት ባሮክን አግብታ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአማቷ ጋር መኖር በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ ይዛ ወደ ቆሻሻው ስትሄድ አሮጊቷ ከመንገድ መለሷት። ልጣጩ መጀመሪያ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይፈላና የጋገረውን ነጭ ነገር ያስለቅቃል። ቀጥሎ የእቃ ማጠቢያው ገንዳ ይታሽበታል፣ ሽታ ያጠፋል። ከዚያ ደግሞ ደርቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ለብል። አንድ ሎሚ ሦስቴ ሳይሞት ከእማማ ድንቅነሽ እጅ አይወጣም ነበር።

ሌላውም እንደዚያው ነው። የተቀደደ ካልሲ እጅ ላይ ይጠለቅና የመስኮት ብረት ይጠረግበታል። አንሶላ መሐሉ ሲሳሳ ለሁለት ተቀዶ ዳር ለዳር ይሰፋል፤ እንደገና ሲሳሳ የትራስ ልብስ፣ በመጨረሻ መወልወያ ይሆናል። ድስት በተነፋ አመድ ይፈተጋል፣ መስታወት በረጠበ ጋዜጣ ይጠራል። የሩዝና የምስር እጣቢ ሳፋ ውስጥ ይጠራቀምና በረንዳው ላይ ለተደረደሩት ጣሳዎች ይታደላል። ጣሳዎቹ የወተት ዱቄትና የዘይት ናቸው፤ ቂጣቸው በሚስማር ተበስቶ ቃሪያ፣ በሶብላና ጎመን በቅሎባቸዋል። ሌላ ሴት ብትሆን ቋጣሪ ተብላ ስሟ በጠፋ ነበር። እሳቸው ግን የቆጠቡትን ለራሳቸው አያውሉትም፤ ቃሪያውም ጎመኑም የጎረቤት ሲሳይ ነው። ብሎኩ በሙሉ ይወዳቸዋል፣ ከኋላቸውም ይቀልድባቸዋል።

ለሊሴ የወሊሶ ልጅ ናት፤ አብነት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ባሮክ የመንገድ ቀያሽ ስለሆነ ወሩን አብዛኛውን መስክ ነው የሚያሳልፈው፤ ቤቱ ለሁለቱ ሴቶች ቀርቷል። አማትና ምራት ብቻቸውን ሲቀሩ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። እነዚህ ግን ተስማሙ። ለሊሴ የምትማረው ነገር ስላለ ደስ አላት፣ አሮጊቷም የሚያስተምሩት ሰው ስላገኙ። አልፎ አልፎ «ጎበዝ» ይሏታል። እማማ ድንቅነሽ ምስጋናም ይቆጥቡ ስለነበር ያቺ አንዲት ቃል ለለሊሴ ትልቅ ነገር ነበረች።

አንድ ነገር ብቻ እንዳትነካ ተነግሯታል። በረንዳው ጥግ፣ ነፋስ የማይደርስበት ቦታ፣ አፉ ተቆርጦ የተነሳ ቢጫ ጀሪካን ነበር፤ ጤና አዳም ተተክሎበታል። ቀድሞ የኖሩበት ሰፈር ሊፈርስ ሲል ሰው ሁሉ ቆርቆሮውንና በሩን ሲነቅል እማማ ድንቅነሽ ከጓሯቸው አፈር ይዝቁ ነበር። ባሮክ ይሄን እየሳቀ ነው የነገራት። ጀሪካኑን እጣቢ አያጠጡትም፤ ለእሱ ንጹህ ውሃ ለብ ተደርጎ ይቀርብለታል። ኅዳር ላይ ብርዱ ሲጠና አሮጌ ነጠላቸውን ደረቡለት። አንዳንዴ አመሻሽ ላይ ለሊሴ ወጥ ስትሠራ ከበረንዳው እሹሩሩ ሲሉ ትሰማቸዋለች። እርጅና ነው ብላ አለፈችው። ሰው ከአትክልት ጋር ቢያወራ ምን ይደንቃል?

በክረምቱ መጨረሻ የእማማ ድንቅነሽ ልብ ደከመ፣ እግራቸው አበጠና ሆስፒታል ተኙ። ለሊሴ ጠዋትና ማታ ትመላለስ ነበር። አንድ እሑድ ግን ከጉብኝት በኋላ ቤት ስትገባ ጀሪካኑ በአንድ በኩል ተሰንጥቆ አፈሩ ወለሉ ላይ ሲፈስ አገኘችው። ጤና አዳሙም ከመጠን በላይ አድጎ ሥሩ ተጨናንቋል። ጎረቤቶቹ ደግሞ ከዚህ ጤና አዳም ስጡን እያሉ ስንት ጊዜ ለምነዋል። ለሊሴ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች።

የሠራችው ሥራ በእማማ ድንቅነሽ ትምህርት ቢመዘን እንከን አልነበረውም። አፈሩን ሸራ ላይ ገለበጠችው። እንዲበዛላት የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ የደረቀ የሻይ ቅጠል ዝቃጭና የተነፋ አመድ ቀላቀለችበት። ጤና አዳሙን ከፋፈለችና በየጣሳው ተከለችው። አንዱን ጣሳ ታች ላሉት ለጡረተኛው ለአባባ ጃርሶ፣ አንዱን ሁለተኛ ፎቅ ለምትኖረው ተማሪ ለሲፈን፣ አንዱን ላይ ላለችው ለዙሃራ ወሰደችላቸው። አንዱ ለቤቱ ቀረ። ጀሪካኑም አልተጣለም፤ በመቀስ ተቆርጦ ጥሩ የቆሻሻ ማፈሻ ወጣው። ያን ቀን ለሊሴ በራሷ በጣም ደስ ብሏት ነበር፣ ይሄንንም ኋላ ላይ ስታስታውስ ነው ይበልጥ የሚያማት።

እማማ ድንቅነሽ ከሆስፒታል የወጡት ሐኪሙ ከእንግዲህ እቤት ይሻላል ካለ በኋላ ነው። የዚህን ትርጉም ሁሉም ያውቀዋል። ደረጃውን ሁለት ወጣቶች ደግፈው አወጧቸው። አልጋ ላይ ሳይቀመጡ ቀጥታ ወደ በረንዳው ሄዱ፣ ባዶውን ጥግ አዩት።

«አፈሩስ?» አሉ።

ለሊሴ በኩራት ነገረቻቸው። አንድም ጭብጥ አፈር እንዳልባከነ፣ ምን ምን እንደቀላቀለችበት፣ ለማን ለማን እንደሰጠች አንድ በአንድ አስረዳች። ማፈሻውንም አንስታ አሳየቻቸው። እማማ ድንቅነሽ ማፈሻውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ጥጉ ላይ፣ ጀሪካኑ የነበረበት ወለል ላይ፣ ቁጭ አሉ።

«ያስተማርኩሽን ነው ያደረግሽው» አሏት። «ጎበዝ።»

ለሊሴ ያቺን ቃል እንደዚያ ቀን ጠልታት አታውቅም።

ልቅሶው የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። መጀመሪያ ሲፈን ደረጃው ላይ አግኝታት ማን እንደወለደ ጠየቀቻት። ማንም አልወለደም። ሲፈን ከመስኮቷ በኩል የሕፃን ልቅሶ እየሰማች ማጥናት እንዳቃታት ተናገረችና ሳቀች፣ ሳቋ ግን ከልብ አልነበረም። በነጋታው አባባ ጃርሶ ታች ቆመው ድመት የሚያረባውን ሰው ሲራገሙ ተሰሙ። ለሊሴ የሁለቱን ነገር አላገናኘችውም። ማን ያገናኘዋል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እቃ ስታጥብ ራሷ ሰማችው። የድመት አልነበረም። የራበው ልጅ ልቅሶም አይደለም፤ አራስ ሕፃን መጠቅለያው ሲፈታና ብርድ ሲነካው የሚያሰማት ያቺ ቀጭን፣ የተሰበረች ድምፅ ናት። የመጣችው ከማጠቢያው በላይ፣ መስኮቱ ላይ ከተቀመጠው የጤና አዳም ጣሳ ነው። ለሊሴ እጇ በአረፋ እንደተሞላ ቆመች። ቤተሰቦቿ ጸሎተኞች ናቸው፣ የመንፈስ ወሬ አይወዱም፤ እሷም ጴንጤ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር በኢየሱስ ስም ተብሎ እንደሚገሠጽ ታውቃለች። አፏ ግን አልከፈት አላት፣ ምክንያቱም የምትገሥጸው ነገር ሕፃን ነው። ሳታስበው ለብ ያለ ውሃ በስኒ አመጣችና አፈሩ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ልቅሶው ቆመ።

ዞር ስትል እማማ ድንቅነሽ ግድግዳ ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አንቺም ሰማሻት?» አሉ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ደስታ የሚመስል ነገር ነበር፣ ለሊሴን ያስፈራትም እሱ ነው።

አልጋቸው ላይ ካስተኛቻቸው በኋላ ነገሯት። ባሮክ ከመወለዱ በፊት፣ በዚያ በክፉው ዘመን፣ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ቀኑ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሕፃኗ አመሻሽ ላይ ታመመች። ቤተ ክርስቲያኑ ከደጃቸው ይታያል፤ ቄስ ጠርቶ በቶሎ ማስጠመቅ ይቻል ነበር። ግን ሰዓት እላፊ ገብቷል፣ ውጭ ተኩስ አለ። ባላቸው ፈቃደ በሩን ከፍተው ሲቆሙ ነጠላቸውን ይዘው ወደ ኋላ የጎተቷቸው እማማ ድንቅነሽ ራሳቸው ናቸው። ሕፃኗ ሳይነጋ አለፈች። ያልተጠመቀች ስለሆነች እንደ ልማዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ጓሯቸው ውስጥ አጥሩ ሥር ቀበሯት፤ ላይዋ ላይም ጤና አዳም ተከሉ። ባልና ሚስቱ ከዚያ ወዲያ ስሟን አላነሱም። የሚነሳ ስምም አልነበራትም።

«እኔ ግን በልቤ ሚጢ እላታለሁ» አሉ። «ሰፈሩ ሲፈርስ ቆፈርኩ። አጥንት የለም፣ አፈር ሆናለች። አፈሩን ይዤ መጣሁ።»

ለሊሴ ማልቀስ ጀምራለች። እማማ ድንቅነሽ ከትራሳቸው ሥር አንዲት ትንሽ ከረጢት አወጡ። ከዱቄት ጆንያ የተሰፋች ናት፤ በአመድ ውሃ ደጋግማ ከመታጠቧ የተነሳ የፋብሪካው ጽሑፍ ጠፍቶ ነጭ ሆናለች። የሕፃን ልጅ ቁመት አላት። አሮጊቷ ሲሞቱ አፈሩ በዚህች ከረጢት ተሞልቶ፣ ማንም ሳያይ፣ ብብታቸው ሥር እንዲቀመጥ ነበር ሐሳባቸው። እሳቸው ልደታ ቅጽር ውስጥ ሲቀበሩ ልጅቱም አብራ ትገባለች፤ ለእሳቸው የሚደርሰውን ፍትሐት እሷም ትሰማለች። ለዚህ ነበር ያን ሁሉ ዓመት የጠበቋት።

«ሰው ድንቅነሽ ምንም አትጥልም ይላል» አሉ። «አንዴ ልጄን አጥር ሥር ስለጣልኩ ነው።»

ከዚያ ሁለት ነገር አስማሏት። አንደኛው፣ አፈሩን ከየቤቱ መልሳ እንድታመጣ፣ ከቅርፊቱም ከዝቃጩም እንድታጠራው፤ ልጄን ከቆሻሻ ጋር አልቀብርም አሉ፣ በሕይወታቸው ሙሉ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም ሲሉ የኖሩት ሴትዮ። ሁለተኛው፣ ባሮክ እንዳይሰማ። እህት እንደነበረችው አያውቅም፣ እናቱ በሯን ዘግታ ሳትጠመቅ እንዳስቀረቻትም ማወቅ የለበትም። ለሊሴ ለሁለቱም እሺ አለች።

ሲፈን ጣሳውን የሰጠቻት ለምን ብላ ሳትጠይቅ ነው፤ እንዲያውም ለሊሴ የገላገለቻት ያህል ነበር። አባባ ጃርሶ የሰጡትን መልሶ መውሰድ የዘንድሮ ሰው ሥራ ነው ብለው አጉረመረሙ። ጣሳውን ግን ሲያቀብሏት ሁለት እጃቸውን ከሥሩ አድርገው ነበር። ከቤታቸው ከወጣች በኋላም ብርድ እንዳይነካው ብለው ከኋላዋ ተናገሩ፣ ወዲያው ደግሞ ያሉት ነገር ገርሟቸው በሩን ዘጉት።

ዙሃራ ግን አልሰጠቻትም።

ዙሃራ የሹፌሩ የበከር ሚስት ናት፤ ከተጋቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። ያልሄደችበት ሐኪም የለም፣ አሁን ስለዚህ ጉዳይ ማንም አይጠይቃትም። ለሊሴ ስትገባ ጣሳው በረንዳ ላይ አልነበረም። መኝታ ቤት፣ አልጋው አጠገብ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ለሊሴ የመጣችበትን ነገር ሁሉንም ነገረቻት፤ ልትዋሻት አልቻለችም። ዙሃራ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ሌላ ቤት ታለቅሳለች አሉ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ጋ አንድም ቀን አላለቀሰችም። ሂጂ ለሊሴ፣ እባክሽ።»

ለሊሴ ባዶ እጇን ወረደች። ልትናደድባት ፈልጋ ነበር፣ አልሆነላትም።

የተሰበሰበውን አፈር ከቤቱ ጣሳ አፈር ጋር በዚያው ቀን በወንፊት ነፋችው። ቅርፊቱንና ዝቃጩን ለየች፣ ሥሮቹን ሳፋ ውስጥ እያለቀለቀች የያዙትን አፈር አራገፈች። የጤና አዳሙን እግር ከውጭ ባመጣችው አሸዋማ አፈር አንድ ጣሳ ውስጥ መልሳ ተከለችው፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ሳፋው ሥር የረጋውን ጭቃ በማንኪያ ጠርጋ አወጣች። ወንፊቱንም በዚያው ውሃ አጠበች። እማማ ድንቅነሽ ከመኝታ ቤት ሲጠሯት ሳፋው ውስጥ የቀረውን የደፈረሰ ውሃ እጇ እንደለመደው ጣሳው ላይ ገለበጠችና ሮጠች።

ከረጢቷ አልሞላችም። እማማ ድንቅነሽ ክንዳቸው ላይ አስተኝተው መዘኗት። «ይጎድላል» አሉ። ለሊሴ ታች ግቢ ወርዳ ከአትክልቱ መደብ ጭብጥ አፈር አነሳች። ማን ያውቃል? አሮጊቷ ዓይናቸው ደክሟል፣ አፈር አፈር ነው። ጭብጧን ይዛ ደረጃው ሥር ቆየች፣ ኋላ አፈረችና ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ቀን በኋላ እማማ ድንቅነሽ ስለ ጎደለው ነገር አልጠየቋትም። ዓይናቸው ግን ለሊሴ ከውጭ በገባች ቁጥር እጇ ላይ ያርፍ ነበር። ባሮክ ከመስክ በደረሰ በማግሥቱ፣ ጠዋት፣ ከረጢቷን እንደታቀፉ አረፉ።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ ሲሯሯጡ፣ ገናዧ ሴት ውሃ እስኪሞቅላት ስትጠብቅ፣ ዙሃራ ከላይ ወረደች። ጥቁር ሻርፕ ደርባለች፣ ጎንበስ ብላ ነው የምትራመደው። ለሊሴ መጀመሪያ አልገባትም። ዙሃራ መኝታ ቤቱ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ሻርፑን ፈታችው። ጣሳው ጀርባዋ ላይ ታዝሏል፣ ጤና አዳሙ ተነቅሎ አፈሩ ብቻ ቀርቷል።

«ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰች» አለች ዙሃራ። «እናቷን ነው የምትፈልገው። እኔማ ምኗ ነኝ?»

ሁለቱ ሴቶች ቅርፊቱንና ዝቃጩን በእጃቸው ለቅመው አፈሩን አብረው ጨመሩት። ከረጢቷ ሞላች፣ አፏን ለሊሴ ሰፋችው። ገናዧ ስትገባ ሁለቱን አየች፣ ከረጢቷን አየች። የሟቿን ክንድ ቀና አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው። በዚህ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ብዙ ነገር ያያል።

ቀብሩ ልደታ ሆነ። ፍትሐቱ ሲደርስ ለሊሴ ቃሉ ባይገባትም እያንዳንዱን እየቆጠረች ለሁለት ሰው እንዲበቃ ትመኝ ነበር። ዙሃራ ከቅጽሩ በር ውጭ ባዶውን ጣሳ ይዛ ቆማለች። ሰው ሲበተን አብረው ተመለሱ፤ የለሊሴ ልብ ግን ከብዙ ቀን በኋላ ቀሎት ነበር። የሰበረችውን ነገር ጠግናዋለች። ቃሏን ጠብቃለች።

ሠልስት አለፈ፣ ድንኳኑ ተነቀለ። ብሎኩ ውስጥ ልቅሶ የሚሰማ ሰው ጠፋ። ሲፈን ማጥናት ጀመረች፣ አባባ ጃርሶ ድመቶቹን ማባረር እንደተሳካላቸው ለሁሉም አወሩ። ባሮክ ሳሎን ተቀምጦ የእናቱን ጣሳዎች ያያል፣ ምን እንደሚያደርጋቸው አያውቅም። ለሊሴ የምሳውን እቃ ታጥባለች።

ያኔ ሰማቻት።

በጣም ቀጭን ናት፣ ከድሮውም ያነሰች፣ ሩቅ ያለች ትመስላለች። የመጣችው ግን ከዚያው መስኮት፣ አሸዋማ አፈር ላይ ከተተከለው ጤና አዳም ነው። ለሊሴ ይሄ አዲስ አፈር ነው፣ እኔው ራሴ ከውጭ ያመጣሁት ነው ብላ ከራሷ ጋር ተከራከረች። ወዲያው ሳፋው ትዝ አላት። ሥሮቹን ያለቀለቀችበት፣ ወንፊቱን ያጠበችበት ያ የደፈረሰ ውሃ። አልደፋችውም። እንዴት ትድፋው? እዚህ ቤት እጣቢ አይደፋም። የማጠቢያውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘችው። እናትየው ሄዳለች፣ መቃብሩ ተዘግቷል፣ ልጅቱ እንደገና ከአጥሩ ውጭ ቀርታለች። ያስቀረቻትም እሷ ናት።

ከረጢት እሰፋለሁ ብላ አሰበች። እንደ እማማ ድንቅነሽ እጠብቃታለሁ፣ ሳልፍ ይዣት እገባለሁ። ግን የት? እሷ የምትቀበረው ከወገኖቿ ጋር፣ የጴንጤዎቹ መካነ መቃብር ነው። ልደታ ቅጽር የሚገባ ሰው ከዚህ ቤት አንድ ባሮክ ብቻ ቀርቷል። ለእሱ እንዳትነግር ደግሞ ለሟች ምላለች። አንዱን ቃል ለመጠበቅ ሌላውን መብላት ነው፣ ሦስተኛ መንገድ ብትፈልግም አላገኘችም።

ውሃ አሞቀች። በስኒ ቀዳችና አፈሩ ላይ ቀስ እያደረገች ማፍሰስ ጀመረች። ልቅሶው እንደወትሮው አልቆመም። ከኋላዋ የባሮክ ኮቴ መጣ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ልጅ ያለቅሳል» አላት። «የማን ነው?»

ለሊሴ ስኒውን አስቀመጠች። ጣሳውን ከመስኮቱ አንስታ፣ ሁለት እጇን ከሥሩ አድርጋ፣ ወደ እሱ ዞረች።

«እህትህ ናት» አለችው፣ አቀበለችውም።